ስንት ሕፃን በአንድ ክንድ? በግል ቤት የሚውሉ ሕፃናት የደኅንነት ደንብ ታሪክ

ስለ ስደተኛው ኢትዮጵያዊ ኑሮ በተጻፉት ጽሑፎች ውስጥ ታክሲ ነጂው፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛው፣ የምግብ ቤት ባለቤቱ ተደጋግመው ይነሣሉ። በዋሽንግተን ከተማ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የመኖሪያ ቤቷን ሳሎን ወይም ምድር ቤት የሕፃናት መዋያ አድርጋ ከማለዳ እስከ ምሽት የሰው ልጅ የምትጠብቀው ሴት ግን ከጸሐፊዎቻችን ዓይን ተሰውራ ኖራለች። ከግድግዳዋ ላይ የመንግሥት ፈቃድ ተሰቅሏል። ከሁለት ዓመት በታች ስንት ሕፃን መቀበል እንደሚፈቀድላት፣ በምን ዓይነት አልጋ፣ በየትኛው ጎናቸው እንደምታስተኛቸው ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ካላወቀች ፈቃዷ ይነጠቃልና። እነዚህ ደንቦች ከየት እንደ መጡ፣ እያንዳንዱ አንቀጽ በምን ምክንያት እንደ ተጻፈ ግን የነገራት የለም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ለመከታተል የምንሞክረው ይህንኑ የአንቀጾቹን የትውልድ ሐረግ ነው። መንገዳችን ሕግ እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ አስቀድሞ ከገባባት ከብሪታንያ ተነሥቶ፣ እህቶቻችን ዛሬ ወደሚሠሩባት ወደ አሜሪካ ያመራል። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅን በሰው ቤት ማዋል ራሱ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በአገራችን ጎረቤት ለጎረቤት ልጅ ይጠብቃል፤ አያት የልጅ ልጇን ታሳድጋለች፤ አቅም ያለው ሞግዚት ይቀጥራል። አዲሱ ነገር በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል የገባው ክፍያ ነው። ሕግም ወደዚህ ቤት የገባው በዚሁ በገንዘቡ በር ነበር። በብሪታንያም ሆነ በአሜሪካ የወጡት ደንቦች በአብዛኛው «በክፍያ» የሚለውን ቃል እንደ ደፍ ይጠቀሙበታል። የልጅ ልጇን እንድታሳድግ ከአዲስ አበባ የመጣችውን አያት የሚጠይቃት ተቆጣጣሪ የለም፤ የጎረቤቷን ልጅ በሳምንት ክፍያ የምትይዘው ግን ቁጥሩ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ የሕግ ሰው ትሆናለች።

በ1834 የወጣው የእንግሊዝ የድኾች ሕግ ማሻሻያ ከጋብቻ ውጪ የተወለደን ልጅ የማሳደግ ዕዳ በእናቲቱ ትከሻ ላይ ብቻ ጣለው። ይህ ድንጋጌ ከአሥር ዓመት በኋላ ቢላላም፣ አባትን ከዳኛ ፊት ማቆም ለአንዲት የቤት ሠራተኛ ቀላል አልነበረም። ልጅ ታቅፋ የሚቀጥራት የለም፤ ካልሠራች ደግሞ ሁለቱም ይራባሉ። ከዚህ ጭንቅ የተወለደው ሥራ በየጋዜጣው በማስታወቂያ ይነገር ነበር፤ «ሕፃን እናሳድጋለን» የሚሉ ሴቶች ልጁን በሳምንት ክፍያ ወይም በአንድ ጊዜ በሚሰጥ ጠቅላላ ድምር ይረከባሉ። ጋዜጠኞቹና ሐኪሞቹ ለሥራው ስም አወጡለት፤ «ሕፃን ማርባት» አሉት።

በሁለቱ የአከፋፈል ዓይነቶች መካከል ያለውን ልዩነት ልብ እንበል፤ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነውና። በየሳምንቱ የሚከፈላት ሴት ሕፃኑ በሕይወት ቢቆይ ትጠቀማለች። ጠቅላላውን ድምር አስቀድማ የተቀበለችው ግን ሕፃኑ በቶሎ ቢሞት ነው የምታተርፈው። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ነፍሰ ገዳይ እንዳልነበሩ ዛሬ የታሪክ ተመራማሪዎች ይስማሙበታል። ያን ጊዜ የላም ወተት ንጹሕ አልነበረም፤ ጡጦም እንደ ዛሬው አይቀቀልም፤ ከእናቱ ጡት የተለየ ሕፃን ማንም ቢይዘው ለሞት የቀረበ ነበር። የሚያለቅሰውን ሕፃን ዝም ለማሰኘት ደግሞ «ጎድፍሬይስ ኮርዲያል» የተባለው ኦፒየም ያለበት ሽሮፕ በየመድኃኒት ሻጩ ዘንድ በግልጽ ይሸጥ ነበር። እናቶችም ራሳቸው ለልጆቻቸው ይሰጡት እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም።

በ1870 በደቡብ ለንደን በብሪክስተን ሰፈር ፖሊስ ከማርጋሬት ዋተርስ ቤት ሲገባ የተራቡና በመድኃኒት የደነዘዙ ሕፃናት ተኝተው አገኘ። ዋተርስ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በስቅላት ተቀጣች። ቀደም ሲል የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ የነበሩት ሐኪሙ ኧርነስት ሃርት ስለ ጉዳዩ ብዙ ጽፈው ነበር፤ ነገር ግን ፓርላማውን ያነቃነቀው ጽሑፉ ሳይሆን ስቅላቱ ነው። በ1871 የፓርላማ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በ1872 ደግሞ የሕፃናትን ሕይወት ለመጠበቅ የወጣው የመጀመሪያው ሕግ ጸደቀ። ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሕፃናትን በክፍያ ተቀብላ ከ24 ሰዓት በላይ የምታቆይ ሴት ቤቷን እንድታስመዘግብ፣ የሕፃናቱን መዝገብ እንድትይዝ፣ ሕፃን ቢሞትባት በ24 ሰዓት ውስጥ ለሞት መርማሪው እንድታሳውቅ ግድ ሆነባት።

ሕጉን የተቃወሙት እነማን እንደ ነበሩ ስናይ ነገሩ ከታሰበው በላይ ውስብስብ ሆኖ እናገኘዋለን። ከተቃዋሚዎቹ መካከል ለሴቶች የምርጫ መብት የታገሉት እንደ ሊዲያ ቤከርና ጆሴፊን በትለር ያሉት ሴቶች ነበሩበት። መከራከሪያቸው የሕፃናቱ ሞት አያሳስበንም የሚል አልነበረም። ልጇን ለማን እንደምትሰጥ የመምረጥ መብት የእናቲቱ ነው፤ ሕጉ የድኻ ሴቶችን ቤት ለወንድ ሹማምንት ምርመራ ይከፍታል፤ የአባቶችን ግዴታ ሳይነካ ሴቶቹን ብቻ ይቀጣል አሉ። በዚህም ተቃውሞ የተነሣ ረቂቁ ተሸራረፈና ልጅን ለቀን ብቻ የሚጠብቁት ሴቶች ከሕጉ ውጪ ቀሩ።

በዚህ ክርክር ላይ ለእኛ ልዩ ትርጉም የሚሰጥ ነገር አለ። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደውን የቤት ለቤት አሰሳ ያየች፣ ወይም የቀበሌ ሰው በሩን ሲያንኳኳ የቤተሰቧን ፊት መለወጥ የምታስታውስ ሴት፣ ሳይነገራት የሚመጣን ተቆጣጣሪ እንደ አንዲት የሜሪላንድ ተወላጅ በቀላሉ አትቀበለውም። የቤከር ወገኖች «ቤት የመንግሥት መመላለሻ አይሁን» ሲሉ የተናገሩት ከመርሕ ተነሥተው ነው፤ የእኛዋ ሴት ግን ይህንኑ ከሕይወቷ ታውቀዋለች። በአንጻሩ ደግሞ በብሪክስተኑ ቤት የተኙት ሕፃናት ስለ ቤት ነጻነት የሚናገር አንደበት አልነበራቸውም። ሁለቱን እውነቶች አንድ ላይ መያዝ ያስቸግራል፤ ከ1872 ወዲህ የወጡት ሕጎችም ሁሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዘነብሉ የኖሩ ናቸው።

የመጀመሪያው ሕግ ደካማ ነበር፤ አንድ ሕፃን ብቻ የያዘች ሴት አይመለከታትም፤ ተቆጣጣሪ የመሾም ግዴታም አልጣለም። በ1896 በሬዲንግ ከተማ አቅራቢያ ከቴምዝ ወንዝ የሕፃናት አስከሬን ወጣ፤ ለጉዲፈቻ ብላ ገንዘብ እየተቀበለች ሕፃናቱን የገደለችው አሚሊያ ዳየር በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ተሰቀለች። በዓመቱ፣ በ1897፣ ሕጉ ዕድሜውን ወደ አምስት ዓመት ከፍ አደረገ፤ የየአካባቢውን ባለሥልጣንም ተቆጣጣሪ እንዲሾም አስገደደ፤ ከ20 ፓውንድ በማይበልጥ ጠቅላላ ድምር የሚሰጥ ሕፃን እንዲታወቅ አዘዘ። ይህ የመጨረሻው አንቀጽ የአከፋፈሉን ምሥጢር የተረዳ ሰው የጻፈው ነው። በ1908 የወጣው የሕፃናት ሕግ ደግሞ አንድ ልጅ ብቻ የያዘችውንም ሴት አስገባ።

ልጅን ለቀን ብቻ የምትጠብቀው ሴት ግን ገና ከውጭ ነበረች፤ ወደ ሕጉ ለመግባት ከ1872 እስከ 1948 ድረስ 76 ዓመት ፈጀባት። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሴቶች በፋብሪካ ስለሚፈለጉ መንግሥት ራሱ የሕፃናት መዋያዎችን ከፈተ። ጦርነቱ ሲያበቃ የጤና ሚኒስቴር በ1945 ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ያላቸው እናቶች ከቤት እንዲውሉ ማበረታታት እንደሚገባ አስታወቀ፤ መዋያዎቹም ተራ በተራ ተዘጉ። እናቶቹ ግን ሥራቸውን አልተዉም፤ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት ቤት ሄዱ። የ1948ቱ የሕፃናት መዋያዎችና የሕፃን ጠባቂዎች ሕግ የወጣው መንግሥት ከትቶት የወጣውን ቦታ ሌሎች ሞልተውት ሲያገኝ ነው።

ሕጉ መዝግቡ አለ እንጂ የተመዘገቡትን እርዱ አላለም። በ1970ዎቹ ተመራማሪው ብራያን ጃክሰን በሰሜን እንግሊዝ በሃደርስፊልድ ከጎሕ ቀደም ብሎ በመንገድ ላይ እየቆመ ሕፃን ታቅፈው የሚሄዱ እናቶችን ወዴት እንደሚገቡ ይመለከት ነበር። የሚገቡት በአብዛኛው ካልተመዘገቡ ጠባቂዎች ዘንድ ሆነ፤ ከእናቶቹም ብዙዎቹ ከካሪቢያንና ከእስያ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። በእንዲህ ያሉት ቤቶች የላምባ ማሞቂያ፣ መጫወቻ የሌለው ክፍል፣ ቀኑን ሙሉ በጋሪ ታስሮ የሚውል ሕፃን የታወቁ ነገሮች ናቸው። ጃክሰን ከዚህ ተነሥቶ ሴቶቹን ክሰሱ አላለም፤ ሥልጠና፣ መጫወቻና መገናኛ ቦታ ስጧቸው ሲል ተሟገተ። ከባለቤቱ ከሶንያ ጃክሰን ጋር የጻፈው መጽሐፍ በ1979 ወጣ። የደንብ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የክስ ታሪክ ነው፤ ይህ ሰው ግን ጠባቂዋን እንደ ተጠርጣሪ ሳይሆን እንደ ሠራተኛ ስላያት ስሙ መነሣት ይገባዋል እንላለን።

ወደ አሜሪካ ስንሻገር ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። እዚህ ማዕከላዊው መንግሥት ለድኾች ልጆች መዋያ ገንዘብ መስጠት ሲጀምር፣ ገንዘቡ የሚደርስበት ቤት ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት መወሰን ግድ ሆነበት። በ1968 የወጣው የፌደራል መሥሪያ ቤቶች የጋራ ደንብ ለግል ቤት መዋያ አንድ ቁጥር አስቀመጠ፤ ከልደት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች በሚውሉበት ቤት ከሁለት ዓመት በታች ከሁለት የማይበልጡ፣ በጠቅላላው ከአምስት የማይበልጡ ልጆች እንዲኖሩ፤ በዚህም ውስጥ ከ14 ዓመት በታች የሆኑ የባለቤቲቱ የራሷ ልጆች እንዲቆጠሩ አዘዘ። እነዚህ ቁጥሮች ከየትም የመጡ አይደሉም። ቤት ቢቃጠል አንዲት ሴት በእቅፏ ይዛ ልትወጣ የምትችለው መራመድ የማይችል ሕፃን ስንት ነው? ለዚህ ጥያቄ ክንድ ራሱ መልስ ይሰጣል።

ችግሩ ክንድ የሚሰጠውን መልስ የእናት ደመወዝ የማይችለው መሆኑ ነው። ጠባቂዋ ሁለት ሕፃናት ብቻ ብትይዝ ገቢዋ ከሁለት እናቶች ኪስ የሚወጣ ይሆናል። እርሷ እንድትኖር እናቶቹ ከደመወዛቸው ብዙውን መስጠት አለባቸው፤ እናቶቹ እንዲኖሩ ደግሞ እርሷ በረሃብ ደመወዝ መሥራት አለባት። ሦስተኛ ከፋይ ካልገባ በቀር ከዚህ ሒሳብ መውጫ የለም። ይህን ሦስተኛ ከፋይ ለማስገባት በአሜሪካ ታሪክ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ የላቀው በ1971 ሁለቱም ምክር ቤቶች ያሳለፉት የተሟላ የሕፃናት ልማት ሕግ ነበር። ፕሬዝዳንት ኒክሰን በታኅሣሥ 9 ቀን 1971 ሻሩት፤ ሕጉ ልጅ አስተዳደግን ከቤተሰብ አውጥቶ ወደ ማኅበር ያዛውራል አሉ። ከማርክሳዊ አገዛዝ ሸሽቶ ለመጣ አንባቢ ይህ ክርክር ጆሮው ላይ ደስ ሊለው ይችላል። ነገር ግን ሕፃናቱ ከዚያ በኋላ ከእናታቸው ጉያ አልዋሉም፤ እናቶቹ ለሥራ መውጣታቸውን እየጨመሩ ሄዱ፤ ልጆቹም የዋሉት ማንም ከማያያቸው ቤቶች ነው።

የ1968ቱ ደንብ ዕጣም ከዚህ የተለየ አልነበረም። በ1975 ከማኅበራዊ አገልግሎት ሕግ ጋር ቢያያዝም የሠራተኛና የሕፃናት ቁጥር አንቀጹ ሥራ ላይ እንዳይውል ተደጋግሞ ታገደ። በ1980 የተሻሻለ ደንብ ታትሞ ወጣ፤ ኮንግረሱ አቆየው፤ በ1981 በጀት ሲቀነስ ጨርሶ ጠፋ። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነው የቤት መዋያዎች ሀገር አቀፍ ጥናት እጅግ የሚበዙት ቤቶች ከማንኛውም ቁጥጥር ውጪ መሆናቸውን አሳየ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ለየክፍላተ ሀገራቱ ተተወ፤ ቁጥሩም እንደየአገሩ ተለያየ።

የደንብን ዋጋ የሚጠራጠር አንባቢ ካለ የሕፃናትን የአስተኛኘት ታሪክ ይመልከት። ይህ ታሪክ ደንብ አውጪውንም ጭምር የሚያሳፍር ነው። ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ በምዕራቡ ዓለም ሐኪሞች ሕፃን በሆዱ እንዲተኛ ይመክሩ ነበር። ታዋቂው ዶክተር ስፖክ እንኳ ሚሊዮኖች በሚያነቡት መጽሐፋቸው በ1950ዎቹ ይህንኑ ምክር ሰጡ። በሆድ መተኛት ከድንገተኛ የሕፃናት ሞት ጋር መያያዙን የሚያሳይ ማስረጃ በ1970 ገደማ ተጠራቅሞ ነበር፤ ነገር ግን የሚያሰባስበው አልተገኘም። በ2005 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ማስረጃው በጊዜው ተሰብስቦ ቢሆን በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ አካባቢ ቢያንስ የ50,000 ሕፃናት ሞት ሊቀር ይችል እንደ ነበር ገምቷል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ምክሩን የለወጠው በ1992 ነው፤ «በጀርባ አስተኙ» የሚለው ሀገር አቀፍ ዘመቻ በ1994 ተጀመረ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም ድንገተኛው ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

የቤት መዋያው ጉዳይ እዚህ ላይ ይገባል። በ2000 የታተመ አንድ ጥናት በድንገት ከሞቱት ሕፃናት 20 በመቶ ያህሉ የሞቱት በጠባቂዎች እጅ ሳሉ መሆኑን አገኘ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በግል ቤት መዋያ የነበሩ ናቸው። ምክንያቱ ክፋት አልነበረም። ምክሩ ለወላጆች በየክሊኒኩ ሲነገር ጠባቂዋ ግን አልሰማችም። በቤቱ በጀርባው መተኛት የለመደ ሕፃን በመዋያው በሆዱ ሲተኛ አደጋው ከሌላው ይልቅ ይከፋል። ጠባቂዋ ያደረገችው ሐኪሞች ትናንት ያዘዙትን ነበር። እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ፍቅር አልጎደለም፤ ትጋትም አልጎደለም፤ የጎደለው የአንድ መስመር ዕውቀት ነው። «እኛ ልጅ አሳድገናል፣ ማን ያስተምረናል» የሚሉ እናቶቻችንን አክብረን፣ በዚህ ነጥብ ላይ ግን አንስማማም።

ዛሬ ይህ ዕውቀት በሕግ የገባ ነው። በ2014 የታደሰው የፌደራል የሕፃናት እንክብካቤ ድጎማ ሕግ የድጎማ ገንዘብ የሚቀበሉ ጠባቂዎች ስለ ሕፃናት አስተኛኘትና ስለ መጀመሪያ ሕክምና እርዳታ እንዲሠለጥኑ፣ የወንጀል መዝገባቸው እንዲጣራ፣ ቤታቸውም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲጎበኝ ያዝዛል። ጎኑ የሚወርደው የሕፃን አልጋ ሕፃናትን ቆንጥጦ ስለ ገደለ ከ2011 ጀምሮ እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ መዋያዎችም እስከ 2012 መጨረሻ ድረስ እንዲያስወግዱት ታዝዘዋል። አዲሱን አልጋ የገዛችው ጠባቂዋ ከራሷ ኪስ ነው።

የቁጥሩን ነገር በቨርጂኒያ ደንብ እናሳይ። እዚያ እያንዳንዱ ልጅ በነጥብ ይቆጠራል፤ ከልደት እስከ 15 ወር ያለው 4፣ ከ16 እስከ 23 ወር ያለው 3፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለው 2፣ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያለው 1 ነጥብ ነው። አንዲት ጠባቂ ከ16 ነጥብ በላይ መያዝ አትችልም፤ አራት ጨቅላ ወይም ስምንት የሦስት ዓመት ልጆች ማለት ነው። በ1968 ከተጻፈው ሁለት ሕፃን ጋር ሲነጻጸር ክንድ በእጥፍ ረዝሟል። ይህም ሆኖ በዚህ ሒሳብ ጨቅላ የሚቀበል ሰው ይከስራል፤ ጨቅላ ሕፃን የሚይዝ መዋያ ማግኘት ለወላጆች ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረውም ስለዚህ ነው። በመላ አሜሪካ ፈቃድ ያላቸው የቤት መዋያዎች ቁጥር ከ2005 እስከ 2017 ባለው ጊዜ ከ40 በመቶ በላይ ቀንሷል። ከፊሎቹ ባለቤቶች ጡረታ ወጥተዋል፤ ከፊሎቹ ሌላ ሥራ ይዘዋል፤ ከፊሎቹ ደግሞ ያለ ፈቃድ እየሠሩ እንደሚሆኑ መጠርጠር አይከብድም።

በዋሽንግተን ከተማ በ2016 የወጣው ደንብ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ቤቷን መዋያ ያደረገች ሴት በሕፃናት አስተዳደግ የተረጋገጠ የሙያ ምስክር ወረቀት እንድታገኝ፣ በማዕከሎች የሚያስተምሩትና ሰፋ ባሉ የቤት መዋያዎች የሚሠሩት ደግሞ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ እንዲይዙ ጠየቀ። አንዲት የቤት መዋያ ባለቤት፣ አንዲት መምህርትና አንዲት ወላጅ በ2018 መንግሥትን ከሰሱ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2022 ለመንግሥት ፈረደ። በዚያው በ2022 ከተማዋ የእነዚህን ሠራተኞች ደመወዝ ከሕዝብ ገንዘብ የሚደጉም ፈንድ ሥራ አስጀመረች፤ በ1971 የተሻረው ሦስተኛ ከፋይ በትንሹ ተመለሰ ማለት ይቻላል። በ2024 ከንቲባዋ ፈንዱን ከበጀት ለማውጣት ሐሳብ አቀረቡ፤ ምክር ቤቱ ከፊሉን አስመለሰ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የእኛ ሴቶች በአማርኛ የመጠየቅ መብት አላቸው። የከተማዋ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ከ2004 ጀምሮ አማርኛን ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። መብቱ ቢኖርም ቃላቱ ገና አልተበጁም። «ዴይኬር»፣ «ላይሰንስ»፣ «ኢንስፔክተር» እያልን በተውሶ ቃል የምንናገረውን ነገር፣ በተለይም ስለ አስተኛኘትና ስለ መታፈን አደጋ የሚናገረውን፣ አንዲት እናት ያለ አስተርጓሚ በምትረዳው አማርኛ መጻፍ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከ1872ቱ ሕግ ጀምሮ ጠባቂ ሁሉ መዝገብ እንድትይዝ ትገደዳለች፤ የሕፃኑ ስም፣ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን። የለንደን ተመራማሪዎች የዚያን ዘመን ድኾች ኑሮ ያወቁት በከፊል ከእንዲህ ዓይነት ወረቀት ነው። በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ለዓመታት የሠሩ እህቶቻችንም የመግቢያና የመውጫ ደብተር አላቸው፤ እናት ልጇን በስንት ሰዓት አመጣች፣ በስንት ሰዓት ወሰደች፣ የትኛው ቤተሰብ በየትኛው ወር መጣ፣ መቼ ሄደ። ሕጉ ደብተሩን ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ እንድታስቀምጥ ይጠይቃታል፤ ከዚያ በኋላ ቤት ስትለውጥ ወይም ጡረታ ስትወጣ ይጣላል። የስደተኛውን ማኅበረሰብ የሥራ ሰዓትና የኑሮ አቅም በየቀኑ የመዘገበ ሌላ ሰነድ ስለመኖሩ እንጠራጠራለን። የሕፃናቱንና የወላጆቹን ስም ሰውሮ፣ ከባለቤቶቹ ፈቃድ ተቀብሎ፣ እነዚህን ደብተሮች ማሰባሰብ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ሣጥን የሚያስቀምጥ አንድ ቤተ መጻሕፍትና ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ለቤት የሚዞሩ ጥቂት ተማሪዎች ይበቁታል።